«ወጥተዋል» ከተባለ በኋላ

ዓርብ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ነው ሲስተሯ አልጋው አጠገብ መጥታ «አባባ፣ ወጥተዋል» ያለችው። አባዬ በልብ ድካም ተኝቶ ሲታከም 11 ቀኑ ነበር። እናቴን እልል ማለት ቃጣትና በግራ በቀኝ የተኙትን ሕመምተኞች ስታይ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ ደግሞ ወዲያው ስልኬን አውጥቼ የቤተሰባችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ወጣን!!» ብዬ ለጠፍኩ። ከሪያድ እስከ ደብረ ብርሃን የልብ ምልክት ዘነበ።

ከዚያ ሩጫ። ሂሳብ ክፍል፣ ካርድ ክፍል፣ መድኃኒት ቤት፣ እንደገና ሂሳብ ክፍል። ከታዘዙት ስድስት መድኃኒቶች አራቱን ከግቢው መድኃኒት ቤት አገኘሁ፤ ሁለቱን «የለም፣ ውጭ ግዛ» ተባልኩ። ስመለስ ሲስተሯ ወረቀቶቹን ይዛ እየጠበቀችኝ ነው። «ይሄ በቀን አንዴ፣ ይሄ ሁለቴ፣ ይሄም ሁለቴ፣ ይሄ ማታ። ጨው ይቀንሱ። ቀጠሯችሁ እዚህ ላይ ተጽፏል።» እሷ ስትናገር እኔ ብርድ ልብሱን ፌስታል ውስጥ እየጠቀጠቅኩ፣ ፔርሙዙን በብብቴ ይዤ «እሺ፣ እሺ፣ እሺ ሲስተር» እላለሁ። ሁሉ ነገር ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ሳይገባኝ «እሺ» ብያለሁ፤ እንደዚያን ቀኑ ያስከፈለኝ ግን የለም።

ሲስተሯን ለመክሰስ አይደለም ይህን የምጽፈው። ያን ዕለት አንድ ክፍል ሙሉ ሕመምተኛ ይዛ ብቻዋን ነበረች፤ አባዬ የተኛበትን አልጋ ደግሞ ድንገተኛ ክፍል በወንበር ላይ የሚጠብቅ ሌላ አባት ይፈልገዋል። አልጋ ሲለቀቅ ሁሉም ይቸኩላል። እኛም ለመውጣት ቸኩለናል። ሆስፒታል ውስጥ አንድ ቀን ማደር ማለት ለአስታማሚ ምን ማለት እንደሆነ ኮሪደር ላይ ካርቶን አንጥፎ ያደረ ያውቀዋል።

ቤታችን ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የሚባል ነገር የለም። 11 ቀን ሙሉ አባዬን ያዩት ሐኪሞች ልቡን፣ ሳንባውን፣ ኩላሊቱን መርምረዋል፤ «ቤትህ ስንተኛ ፎቅ ነው?» ያለው ሰው ግን አልነበረም። እኔም ትዝ ያለኝ የራይዱ ሾፌር ብሎኩ ሥር ሲያቆም ነው። የግቢው ልጆች ከታች ያለው ሱቅ በር ላይ ከምትቀመጠው የፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጠውት ለአራት ተሸከሙት። በየወለሉ እያረፉ። አባዬ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ «ቀስ በሉ እንጂ፣ ገና ሳልሞት ሬሳ አስመሰላችሁኝ» አላቸው። ሳቅን። የመጨረሻው ሳቃችን ነበር ለሦስት ቀን።

እሑድ ለሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ፣ ዱብ የሚል ድምፅ ሰማሁ። አባዬ በአልጋውና በሽንት ቤቱ በር መካከል ወድቋል። ላብ በላብ ሆኗል፤ ቀዝቅዟል። «ዓይኔ ጨለመብኝ» ይላል ደጋግሞ። እናቴ ወገቡን ይዛ ታለቅሳለች። ያንኑ ወንበር ይዘን፣ ያንኑ ደረጃ ወርደን፣ በጎረቤታችን መኪና ሦስት ቀን ሳይሞላን ወደወጣንበት ተመለስን።

ድንገተኛ ክፍል ያገኘናት ወጣት ዶክተር ግፊቱን ለካች። 80 በ50። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀች፦ «የሚወስደውን መድኃኒት በሙሉ አምጡ።» እኛ እግራችንን ነው ይዘን የመጣነው። ታናሽ እህቴ ቤት ቀርታ ስለነበር ደወልኩላት። እሷም ኮመዲኖው ውስጥ ያለውን እሽግ ሁሉ አልጋ ላይ ደርድራ፣ ፊትና ጀርባውን ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ላከችው። ዶክተሯ ስልኬን ተቀብላ ፎቶውን በሁለት ጣቷ እያሰፋች አየች። ቆየችና «ይሄና ይሄ አንድ ናቸው» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባዬ ከመታመሙ በፊት ለግፊት ኢናላፕሪል ይወስድ ነበር። ሆስፒታሉም ሲያስወጣው ኢናላፕሪል አዘዘለት፤ ለልቡም ይረዳል። ግን የሌላ ፋብሪካ ምርት ነው፤ እሽጉ ሌላ ቀለም፣ ክኒኑ ሌላ መልክ። ከላይ በትልቁ የተጻፈው ፋብሪካው ያወጣለት ስም ነው፤ ትክክለኛው የመድኃኒቱ ስም ከሥር እንደ ጉንዳን ተደርድሯል። አባዬ ደግሞ ገንዘብ የወጣበት ነገር ሲባክን አይወድም። የድሮውንም የአዲሱንም በእምነት ወሰደ። ማን አቁም አለው? ማንም። ማን ቀጥል አለው? እሱንም ማንም።

ሁለተኛው ጥፋት የራሴ ነው። ውኃውን ከሰውነት የሚያስወጣው ፉሮሰማይድ «በቀን 2 ጊዜ» ይላል። እኔ እንደ አንቲባዮቲክ ጠዋትና ማታ መሰለኝ። ማታ 3 ሰዓት ላይ ሰጥቼው እተኛለሁ፤ እሱ ሌሊቱን ለሽንት ሲነሳ ያድራል። ግፊቱ ከልክ በላይ ወርዷል፣ ሰውነቱ ውኃ አጥቷል፣ በጨለማ ብድግ ሲል አዞረው። የወደቀው በሕመሙ አይደለም። እኛው በሰጠነው መድኃኒት ነው።

አጥንት አለመሰበሩ የእግዜር ቸርነት ነው።

በኋላ ሳነብ እንዲህ ያለው ነገር በእኛ ብቻ የደረሰ አለመሆኑን ተረዳሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 በመድኃኒት ምክንያት የሚደርስን ጉዳት ለመቀነስ ዓለም አቀፍ ዘመቻ ሲጀምር ከለያቸው ሦስት ዋና ትኩረቶች አንዱ ይኸው ነው፤ ሕመምተኛ ከአንድ ሕክምና ቦታ ወደ ሌላ፣ ወይም ወደ ቤቱ ሲሸጋገር የሚፈጠረው ክፍተት። ሌላው ደግሞ ብዙ ዓይነት መድኃኒት በአንድ ላይ መውሰድ ነው። አባዬ ሁለቱንም አሟልቷል። አሜሪካኖቹ ነገሩን ወደ ገንዘብ ወስደውታል፤ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ እንደ ልብ ድካም ባሉ ሕመሞች ታክመው ከወጡ በ30 ቀን ውስጥ የሚመለሱ ሰዎች ከሚጠበቀው በላይ የበዙበት ሆስፒታል ከመንግሥት የጤና መድን የሚያገኘው ክፍያ ይቀነስበታል። እዚህ ያ ይደረግ እያልኩ አይደለም፤ የእኛ ሆስፒታሎች ገንዘብ ተቀንሶባቸው ምን ሊተርፋቸው። ግን ሐሳቡን ወደድኩት፤ ሕመምተኛው በሩን አልፎ ሲወጣ ኃላፊነቱ አብሮት አይወጣም ማለት ነው።

አባዬ በዚያ ዙር ሦስት ቀን ተኛ። ሁለተኛ «ወጥተዋል» ስንባል ፌስታሉን መሬት ላይ አስቀመጥኩና «ሲስተር፣ አሁን እኔ ልንገርሽ፣ ስሳሳት አርሚኝ» አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እሺ ከማለት ይልቅ የተነገረኝን በራሴ አፍ መልሼ መናገር እንዳለብኝ የነገረችኝ ያቺ የድንገተኛ ክፍሏ ዶክተር ናት። «እሺ ያለ ሁሉ ገባው ማለት አይደለም» ነው ያለችኝ።

እያንዳንዱን ክኒን እያነሳሁ ተናገርኩ። ይሄ ውኃ ያስወጣል፤ አንዱ ጠዋት፣ ሁለተኛው ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ማታ በጭራሽ። ይሄ ኢናላፕሪል ነው፤ ቤት ያለው የድሮው ይቆማል። ይሄ ስፓይሮኖላክቶን... እዚህ ላይ ተደናቀፍኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሲስተሯ ክሊኒካል ፋርማሲስቱን ጠራችው። በሆስፒታሉ እንዲህ ዓይነት ባለሙያ ዎርድ ውስጥ እንደሚሠራ እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ልጁ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። በነጭ ወረቀት ላይ ሠንጠረዥ አሠመረልኝ፤ የመድኃኒቱ ስም በአማርኛ፣ ለምን እንደሆነ፣ ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ። ከሥር ደግሞ አንድ መስመር፦ «የቆሙ መድኃኒቶች»። ይቺ መስመር የመጀመሪያው ዕለት ብትኖር ኖሮ አባዬ አይወድቅም ነበር።

የሆስፒታሉ ዋና የመውጫ ወረቀት በእንግሊዝኛ ነው የሚጻፈው፤ ይህ ለቀጣዩ ሐኪም ስለሆነ ይገባኛል። ለእናቴ ግን ምኗ ነው? «ትርጉም አፕ አለ አይደል» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሞክሬዋለሁ። የሐኪም እጅ ጽሑፍ ፊት አፑም እንደኛው ነው። ወረቀቱን ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ውስጥ አስቀምጡት፤ ወረቀት ይጠፋል፣ ቡና ይደፋበታል፤ በሌላ ሌሊት ሌላ ሆስፒታል ብትሄዱ ትልቅ ነገር ነው። ፌስቡክ ላይ ለጥፎ «ይሄ ምን ማለት ነው?» ማለት ግን የአባትን ገበና አደባባይ ማስጣት ነው። ግሩፓችን ውስጥ አንድ ዘመድ ሊያደርገው ሲል ደርሰንበት አስቆምነው።

ሰዓት ላይ ደግሞ የእኛ አገር ልዩ ጣጣ አለ። ስልካችን በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው፣ አፋችን በሐበሻ። እህቴ የጠዋቱን 2 ሰዓት መድኃኒት አላርም ስትሞላ 2:00 ብላ ሞላችው፤ አላርሙ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ጮኸ። ቤቱ በሙሉ ብድግ አለ። ይሄኛው ያስቃል። እሽግ ላይ «8 ሰዓት» ተብሎ ሲጻፍ ግን በየስምንት ሰዓቱ ነው ወይስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት? ይሄ አያስቅም። ቀጠሮም እንደዚሁ ነው። የአባዬ ወረቀት ላይ «12/7» ይላል። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 12 ነው፤ በፈረንጅ ከተነበበ ሐምሌ 5። በመካከሉ አራት ወር ሊሞላ ምንም አይቀረው፤ ለልብ ሕመምተኛ ደግሞ አራት ወር ረጅም ነው። ካርድ ክፍል ተመልሼ ጠየቅኩ። መጋቢት ነው አሉኝ፤ ወሩን በፊደል አጻፍኩት።

ወደ ቤት ስንመለስ አልጋውን ሽንት ቤቱ አጠገብ ወዳለው ክፍል አዛወርነው። መተላለፊያው ላይ የተዘረጋውን ምንጣፍ አነሳን፤ ሌሊት የምትበራ ትንሽ አምፖል ገዛን፤ አልጋው ሥር ፖፖ አስቀመጥን። አባዬ ፖፖውን ሲያይ ፊቱን አዞረ። ሰው በሽምግልናው የሚያፍርበት ነገር ብዙ ነው። ከአልጋ ሲነሳ መጀመሪያ ቁጭ ብሎ ትንፋሽ እንዲሰበስብ፣ ከዚያ እንዲቆም ተነግሮታል፤ እናቴ ታስታውሰዋለች፣ እሱ ይበሳጫል፣ ግን ያደርገዋል።

የጨው ጉዳይ ትልቁ ጦርነት ነው። ሲስተሯ «ጨው ይቀንሱ» ስትል እኛ የመሰለን ወጥ ላይ የሚነሰነሰው ነው። ግን በርበሬው ራሱ ከነጨው ነው የተፈጨው። ሽሮውም እንደዚያው። ዳቦውስ? እናቴ ጠዋት ያለ ጨው የሠራችውን ሽሮ አባዬ አንድ ጉርሻ ቀምሶ «ይሄን ለሕመምተኛ ነው ለእስረኛ የሠራሽው?» አላት። አልቅሳለች። በኋላ ጎረቤታችን አንዲት እትዬ መላ አመጡ፤ ለእሱ ብቻ በርበሬና ሽሮ ያለ ጨው ለየብቻ ተፈጨ፣ በትንሽ ብረት ድስት በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በኮረሪማ ተሠራ፣ ሲበላ ሎሚ ይጨመቅበታል። አሁን ከእሱ ድስት እየሰረቅን የምንቀምሰው እኛ ነን።

እኚሁ እትዬ ግን ሌላም ነገር ይዘው መጥተው ነበር። ሲወድቅ የተመታው ጉልበቱ ሲያመው አይተው ከቦርሳቸው ዳይክሎፌናክ አውጥተው «እኔን ወዲያው ነው የሚያሽለኝ» አሉ። በደግነት ነው። ሠንጠረዡን የሠራልኝ ፋርማሲስት ስልክ ቁጥሩን ሰጥቶኝ ስለነበር ደወልኩ። «በጭራሽ» አለኝ። ዳይክሎፌናክም ሆነ ኢቡፕሮፌን ጨውና ውኃ ሰውነት ውስጥ ያስቀራሉ፤ ከእነዚያ መድኃኒቶች ጋር ደግሞ ኩላሊቱን ይጎዱታል። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃዋል አለ። ሱቅ እንደ ማስቲካ የሚሸጥ ክኒን የአባቴን ልብ መልሶ ውኃ ሊሞላው ይችል እንደነበር ሳስብ ይገርመኛል።

ጠያቂም አለ። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ የታሸገ ጁስ፣ ለስላሳ በካሳ። መጠየቅ ባህላችን ነው፣ ደስም ይላል፤ ግን አባዬ ለእያንዳንዱ እንግዳ ቀና ብሎ ይቀመጣል፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሕመሙን ይተርካል፣ ማታ ትንፋሹ ያጥረዋል። በሩ ላይ «ከ10 እስከ 12 ሰዓት» ብዬ ለጠፍኩ። እናቴ «ሰው ምን ይለናል» ብላ ሁለቴ ገነጠለችው። ሦስተኛው ላይ ተወችው።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ሌላ ፈተና መጣ። አባዬ እስከ 9 ሰዓት ልጹም አለ፤ የጠዋቱንም ክኒን «ከቁርባን በፊት እንዴት» ብሎ ሊያሳልፍ። እኔ ብከራከረው ሰሚ አላገኝም። እናቴ የንስሐ አባቱን ቤት ጠርታ አስመጣቻቸው። ታማሚ መድኃኒቱን በሰዓቱ እንዲወስድ እሳቸው ፈቀዱ፤ አለቀ። ከሦስተኛ ፎቅ ያሉት የጎረቤታችን እናት የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ረመዳን ከመግባቱ በፊት ከሐኪማቸውም ከኢማማቸውም ጋር ተነጋግረው ነው የጨረሱት። የሕመምተኛችሁን ሃይማኖት የማያውቅ ሐኪም ይህን አይነግራችሁም። አስቀድማችሁ እናንተ አንሱት።

ከጤና ጣቢያ የምትመጣዋን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ እስከዚያ ድረስ የማውቃት ለክትባት ነበር። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. በገጠር ሲጀመር የሰማነውም ስለ እናቶችና ሕፃናት፣ ስለ መፀዳጃ ቤት ነው። የእኛ ሰፈሯ ነርስ ናት። አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥታ ግፊቱን ትለካለች፣ እግሩን በጣቷ ተጭና ታያለች። እኔም ከእሷ ነው የተማርኩት፤ የተጫነው ቦታ ጎድጉዶ ከቀረ ውኃ አለ ማለት ነው።

ትልቁ መሣሪያችን ግን ሚዛን ነው። እህቴ መርካቶ ሄዳ ገዛችው። ከዚያ በፊት መንገድ ዳር ሚዛን ዘርግተው ኪሎ የሚመዝኑትን ልጆች አስበን ነበር፤ ግን በየጠዋቱ አራት ፎቅ ማን ያወርደዋል? አባዬ ጠዋት ሽንቱን ከሸና በኋላ፣ ቁርስ ሳይበላ፣ በአንድ ዓይነት ልብስ ይመዘናል። በሦስት ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመረ፣ ወይም እግሩ ካበጠ፣ ወይም ለመተኛት ትራስ መደራረብ ከጀመረ፣ ቀጠሮ አንጠብቅም፣ እንሄዳለን። ጋደም ሲል አፈነኝ ካለ ወይም ራሱን ከሳተ ደግሞ ያው ሌሊትም ቢሆን 907 ነው፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ። ቁጥሩን ማቀዝቀዣው ላይ በማርከር ጽፈነዋል፤ እናቴ ስልኬ ውስጥ ሴቭ የተደረገ ነገር አታገኝማ።

ቁጥሩን በየጠዋቱ ግሩፑ ላይ እጽፈዋለሁ። አንድ ጊዜ 68.2 የነበረው በሁለት ቀን 70.5 ሆነ። ሪያድ ያለችው አክስቴ ናት መጀመሪያ ያየችው፤ «ይሄ ነገር አልበዛም?» ብላ በድምፅ ላከች። ስንጣራ ለካ የዘመድ ሠርግ ላይ ጥብስ በልቶ ነው፣ ለእኛም አልነገረንም። በዚያው ቀን ሄድን፤ ዶክተሩ የውኃውን መድኃኒት ለጥቂት ቀን አስተካክለውለት፣ ሳይተኛ ተመለሰ። በእግሩ፣ ደረጃውን በየወለሉ እያረፈ።

ባለፈው ሳምንት ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ጋሼ ከሆስፒታል ወጡ። ሰው ሁሉ ሙዝ ይዞ ሲገባ አባዬ በትሩን ይዞ ወረደ። እኔ ልደግፈው ከኋላ ተከተልኩ። ገብቶ «እንኳን ማረህ» አለና አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ እጁን ዘረጋ፦

«እስቲ ወረቀቱን አሳየኝ። የድሮ መድኃኒትህስ የት ነው ያለው?»